ከፌልታም ልጅ የወጣው የፍቅር ዘፈን

የእንግሊዙ ሮክ ባንድ የኩዊን ዘፋኝ የነበረውን ፍሬዲ መርኩሪን ንጹህ የለንደን ልጅ አድርጎ የሚያስብ ብዙ ሰው አለ። እኔም እዚህ እስክመጣ ድረስ እንደዛ ነበር የሚመስለኝ። ልጁ ግን በ1946 ዛንዚባር ነው የተወለደው፣ የቤት ስሙ ፋሮክ ቡልሳራ፣ ቤተሰቦቹ መሰረታቸው ህንድ የሆነ ፓርሲዎች ናቸው፣ ጥንት ከፋርስ ወደ ህንድ የተሰደደ ማህበረሰብ ማለት ነው። በ1964 ዛንዚባር ላይ አብዮት ሲፈነዳ ጓዛቸውን ጥለው ሸሹና ለንደን ዳር ሂትሮው ኤርፖርት አጠገብ ፌልታም የምትባል ሰፈር ገቡ፣ እሱ ያኔ 17 ዓመቱ ነበር።

እኔ እዛው አካባቢ ነው የምኖረው፣ ኤርፖርት ውስጥ ሌሊት ሺፍት ጽዳት እሰራለሁ። ግላድስቶን አቬኑ ላይ የኖሩበት ቤት አሁንም አለ፣ ከጎረቤቶቹ ምንም የማይለይ ቤት ነው፣ ግድግዳው ላይ ያለችው፣ ታዋቂ ሰው እዚህ ኖሯል የምትል ክብ ሰማያዊ ሰሌዳ ብቻ ናት የምትለየው። በ2016 ስትለጠፍ የኩዊን ጊታሪስት ብራያን ሜይና የፍሬዲ እህት ነበሩ። ስደተኛ ቤተሰብ የኖረበት ቤት ላይ እንደዛ አይነት ክብር ሳይ ደስ ይለኛል በቃ፣ ምን ልበላችሁ።

የሱ ዘፈኖች ብዙ ናቸው፣ እኔን የያዘኝ ግን ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍ ነው። በ1975 መጨረሻ አካባቢ በወጣው አ ናይት አት ዚ ኦፔራ አልበም ላይ ያለ ነው፣ ዝነኛው ዘፈናቸው ቦሄሚያን ራፕሶዲ እዛው አልበም ላይ ስላለ መጀመሪያ ላይ ያን ያህል አልተወራለትም። የሄደችበትን ፍቅረኛውን ተመለሺልኝ እያለ የሚለምን ሰው ነው ዘፈኑ። ፍሬዲ ራሱ ጻፈው፣ ፒያኖውን ራሱ ተጫወተው፣ ከጀርባ የሚሰሙት አጃቢ ድምጾችም የሱው ናቸው፣ እየደራረበ ቀድቷቸው ነው። ብራያን ደግሞ ሃርፕ መጫወት ነበረበት፣ ያ ትልቁ የፈረንጆቹ በገና፣ እና ሃርፕ ተጫዋች አይደለም ሰውየው፣ ስለዚህ አንድ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ጥቂት ኖታዎች) ይመታል፣ ይቀዳል፣ ያቆማል፣ ቀጣዩን ይመታል፣ እንደዛ እየቆራረጡ ነው የገጣጠሙት። ብራያን እንዳወራው የስቱዲዮው በር በተከፈተ ቁጥር የክፍሉ ሙቀት ይቀየርና ክሩ ቅኝቱን ይለቅ ነበር፣ ከመጫወቱ ይልቅ መቃኘቱ ነው ብዙ ሰዓት የፈጀው። እኛ ስንሰማው ግን ውሃ ሆኖ ነው የሚፈሰው።

መድረክ ላይ ሃርፕና ያን ሁሉ ድምጽ ይዞ መውጣት አይቻልም፣ እና ብራያን በአስራ ሁለት ክር ጊታር ብቻ እንዲሆን አደረገው። ዘፈኑን ዘፈን ያረገው ይሄ ነው እላለሁ እኔ። ሁለት ሰው፣ አንድ ጊታር። የ1979ኙ የመድረክ ቅጂ ደቡብ አሜሪካ ላይ ተወደደ፣ በ1981 ሳኦ ፓውሎ ሞሩምቢ ስታዲየም ሲገቡ ከ100 ሺህ በላይ ህዝብ፣ አብዛኛው እንግሊዝኛ የማይናገር፣ ከነግጥሙ ዘፈነላቸው። በ1985 ሪዮ ላይም እንደዛው፣ ፍሬዲ ዝም ብሎ በእጁ ይመራል እንጂ ህዝቡ ነው ዘፋኙ።

ዘፈኑ ለሜሪ ኦስቲን ነው ይላሉ ብዙዎች። ገና ዝነኛ ሳይሆን ለንደን ውስጥ ልብስ ቤት ትሰራ የነበረች ልጅ ናት፣ አብረው ኖሩ፣ ላግባሽ ብሏት ነበር፣ ኋላ ወንድ እንደሚወድ ሲነግራት ተለያዩ። ግን መለያየት ብቻ ነው የተለያዩት። እስኪሞት ከጎኑ አልጠፋችም፣ በ1991 ሲያርፍ ቤቱን ለሷ ነው የተወው፣ አመዱን የት እንዳሳረፈችው እስከዛሬ አልተናገረችም።

እኔ ይሄ ይገባኛል። ከሀገር ስወጣ ቀለበት አስሬ ነው የወጣሁት፣ የመኖሪያ ወረቀቱ ዛሬ ነገ ሲባል አመታት ሄዱ፣ እጮኛዬም ዕድሜው እየሄደ፣ ተነጋግረን ተለያየን፣ ዛሬ ባለትዳር ነው፣ አባትም ሆኗል። እናቴ ስትታመም ግን ሆስፒታል ያደረላት እሱ ነው። ሚስቱ ናት አጥሚት ሰርታ የምትልከው። አንዳንድ ሰው ኤክስሽ እንዴት እቤታችሁ ይገባል ይለኛል፣ ቤተሰብ ስለሆነ ነዋ!

እናቴ የወሎ ሰው ናት፣ የሰባ ሰባቱን ርሃብ በህይወት የተሻገረች። ያኔ ኮረም ላይ የተቀረጸው የርሃቡ ዘገባ በቢቢሲ ከታየ በኋላ ነው ሙዚቀኞቹ ቦብ ጌልዶፍና ሚጅ ዩር ለተራቡት ገንዘብ ለማሰባሰብ ላይቭ ኤይድ የተባለውን ኮንሰርት ያዘጋጁት፣ ጁላይ 13 ቀን 1985፣ ኩዊን ለንደን ዌምብሊ ስታዲየም ላይ ያደረጉትን ሁሉም ያውቀዋል። ብዙ የማይወራው ማታ ላይ ፍሬዲና ብራያን ብቻቸውን ተመልሰው መውጣታቸው ነው፣ አንድ ጊታር አንድ ድምጽ፣ ልክ ላቭ ኦፍ ማይ ላይፍን በሚጫወቱበት አኳኋን፣ ስለተራቡ ሰዎች ዘፈኑ። ለእናቴ ቪዲዮውን ከፍቼ ይሄ ልጅ ከዛንዚባር የተሰደደ ነው ስላት ‹‹እናቱ አሉ?›› ነው ያለችኝ መጀመሪያ። በ2016 አረፉ፣ ከልጃቸው በኋላ ብዙ ዓመት ኖረው ነው አልኳት፣ ‹‹አይ እናት!›› አለች።

ያልሰማችሁት ካላችሁ መጀመሪያ የስቱዲዮውን በሄድፎን ስሙት፣ ሃርፑ ስለሚያመልጥ። ከዛ የሪዮውን ፈልጋችሁ እዩ፣ ፍሬዲ አፉን ዘግቶ ህዝቡን ሲሰማ ፊቱን ልብ በሉልኝ።