የሜላኖማ ሴሎችን በቀዝቃዛ ፕላዝማ የሞከርኩበት መንገድ

ጀርመን ማስተርሴን ስሠራ ላብራቶሪ ውስጥ የሜላኖማ (አደገኛ የቆዳ ካንሰር) ሴሎችን በቀዝቃዛ ፕላዝማ እሞክር ነበር። ፕላዝማ ስል የደሙን ሳይሆን በኤሌክትሪክ የተለኮሰ ጋዝ ማለቴ ነው። "ፕላዝማ ካንሰር ይገድላል አሉ፣ እውነት ነው?" የሚለኝ ሰው ስለበዛ እንዴት እንደሠራሁትና ምን እንደተማርኩ ልንገራችሁ።

መሣሪያው ወፈር ያለ እስክሪብቶ ይመስላል። አርጎን ጋዝ ያልፍበታል፣ ኤሌክትሪክ ሲያገኘው ጫፉ ላይ ወደ ወይን ጠጅ የሚያደላ ቀጭን ብርሃን ይወጣል። እሳት ቢመስልም አያቃጥልም፤ የሰውነት ሙቀት ያህል ነው። እንዲህ ዓይነት መሣሪያ አልድን ላለ ቁስል አውሮፓ ውስጥ ከተፈቀደ ቆይቷል፣ እ.ኤ.አ. ከ2013 ጀምሮ። ለካንሰር ግን ገና ጥናት ላይ ነው።

ሴሎቹን ባለ 96 ጉድጓድ ፕሌት ላይ ዘርቼ ኢንኩቤተር (ሙቀቱ ለሴል የተመቸ ሣጥን) ውስጥ አሳድራቸዋለሁ። በማግስቱ አንዱን ረድፍ ትንሽ ሰከንድ፣ ሌላውን ረዘም አድርጌ በፕላዝማ እመታለሁ። አንድ ረድፍ ደግሞ ፕላዝማው ሳይለኮስ ጋዙ ብቻ ይነፋበታል። ይቺን ረድፍ በፍጹም አትዝለሏት። ጋዙ ብቻውን ፈሳሹን ያደርቀዋል፣ የደረቀ ሴል ደግሞ ይሞታል፣ ያንን ሞት ፕላዝማው ያመጣው ነው ማለት ራስን ማታለል ነው። ከዚያ ሬሳዙሪን የሚባል ሰማያዊ ቀለም እጨምራለሁ። ሴሉ በሕይወት ካለ ቀለሙን ወደ ሮዝ ይለውጠዋል፣ ከሞተ ሰማያዊ እንደሆነ ይቀራል። ረጅም ሰከንድ የተመታው ረድፍ ሰማያዊ ሆኖ ሳየው ደስታዬ ወደር አልነበረውም።

ትልቁን ትምህርት ያገኘሁት ግን ከፈሳሹ ነው። ፕላዝማው አየርና ፈሳሽ ሲያገኝ እንደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ያሉ ንቁ ውህዶችን ይፈጥራል፣ ሴሉን በአብዛኛው የሚገድሉት እነሱ ናቸው። ሴሎቹ የሚያድጉበት ፈሳሽ ፓይሩቬት የሚባል ውህድ ካለው ፐርኦክሳይዱን ያከሽፈዋል። ያው ሴል፣ ያው መሣሪያ፣ ያው ሰከንድ፤ ፓይሩቬት ያለበት ሮዝ፣ የሌለበት ሰማያዊ! ስለዚህ "ጤናማውን ሳይነካ ካንሰሩን ብቻ ገደለ" የሚል ነገር ስታነቡ ሁለቱ ሴሎች በአንድ ዓይነት ፈሳሽ ውስጥ ነበሩ ወይ ብላችሁ ጠይቁ። ካልነበሩ ንጽጽሩ አይያዝም።

ደግሞ ፕሌት ላይ ያለው ሴል አንድ ስስ ንጣፍ ነው፣ ሰው ላይ ያለ ሜላኖማ ግን ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የፕላዝማው ጉልበት ጥልቅ አይገባም። ለዚህ ነው ተመራማሪዎች ፀሐይ የጎዳው ቆዳ ላይ የሚወጡና ወደ ካንሰር ሊለወጡ የሚችሉ ስስ ቅርፊቶች ላይ ፕላዝማውን የሚሞክሩት። አሜሪካም የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ በ2019 የፈቀደው አንድ ሙከራ ዕጢው በቀዶ ሕክምና ከወጣ በኋላ የቀረውን ቦታ በፕላዝማ መርጨት ነበር። ቀዶ ሕክምናው አልቀረም፣ ፕላዝማው ተጨመረበት እንጂ።

እግሯ መዳፍ ላይ ጥቁር ምልክት የወጣባት ዘመዳቸውን "በፕላዝማ ትታከም?" ያሉኝ ሰዎች አሉ። አይሆንም አልኳቸው፣ መጀመሪያ ባዮፕሲ (ከምልክቱ ቁራጭ ወስዶ መመርመር)። እንደኛ ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ሜላኖማ የሚወጣው ብዙ ጊዜ እግር መዳፍ፣ እጅ መዳፍ ወይም ጥፍር ሥር ነው፣ ጫማ የመታው እየመሰለ ስንት ጊዜ ይታለፋል። ሳይወፍር ከተደረሰበት ቆርጦ በማውጣት ብቻ ሊድን ይችላል። አዲስ አበባ ያላችሁ አለርት ሆስፒታል የቆዳ ሐኪሞች አሉ።