ከሞደሙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?

ባለፈው ክረምት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መጀመሪያ ድረስ፣ ባሕር ዳር ሽምብጥ በሚገኘው ቤታችን የኢንተርኔት መስመራችን በቀን አምስት ስድስት ጊዜ እየተቋረጠ፣ ባልተቋረጠበት ሰዓትም እየተንቀራፈፈ ሥራ አስፈትቶኝ ነበር። የምተዳደረው አዲስ አበባ ላሉ ሁለት ድርጅቶች ከቤቴ ሆኜ ሒሳብ በመሥራት ስለሆነ፣ የወር መዝጊያ ደርሶ ፋይል መላክ አለመቻል ለእኔ የእንጀራ ጉዳይ ነው። ነገሩን ለመፍታት አሥራ አንድ ሳምንት ያህል ፈጅቶብኛል፤ ከእነዚህ ውስጥ ስምንቱ የባከኑት የት እንዳለ ሳላውቅ ጥፋቱን አንድ ጊዜ በዚህ፣ አንድ ጊዜ በዚያ ላይ ስለጥፍ ነው።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁሉም ሰው የሚያደርገውን ነበር፤ ሞደሙን አጥፍቼ አበራሁ። ይህ ለግማሽ ሰዓት ያህል ይሠራል። የሚሠራው ግን ሞደሙ ሲነሣ መስመሩ በዚያች ሰዓት የሚችለውን ፍጥነት ከስልክ ማዕከሉ ጋር እንደ አዲስ ስለሚስማማ እንጂ ችግሩ ስለተወገደ አይደለም። ቀጥሎ ወደ አገልግሎት ሰጪው የደንበኞች መስመር ደወልሁ፤ «በእኛ በኩል መስመሩ ንጹሕ ነው» ተባልሁ። ሦስተኛው እርምጃዬ ከሁሉም የከፋ ነበር፤ ገበያ ወጥቼ ሦስት አንቴና ያለው ራውተር ገዛሁ። ሻጩ «ይኼ ግድግዳ ይበሳል» ብሎኝ ነበር። ግድግዳ ይብሳ አይብሳ እንጃ፣ ከውጭ ያልገባውን ግን አንቴና አያመጣውም።

በዚያ ሁሉ መሐል የምናደድበትን ቁጥር እንኳ በቅጡ አላውቀውም ነበር። የምንከፍልበት ፓኬጅ 4 ሜጋ ቢት በሰከንድ ነው፤ ፋይል ሲወርድ ኮምፒውተሩ የሚያሳየው ፍጥነት ግን በሜጋ ባይት ነው። አንድ ባይት 8 ቢት በመሆኑ 4 ሜጋ ቢት ማለት ቢበዛ ግማሽ ሜጋ ባይት በሰከንድ ማለት ነው፤ 700 ሜጋ ባይት የሆነ ፋይልም መስመሩ በሙሉ ጤናው ላይ ሆኖ ከ23 ደቂቃ በላይ ይፈልጋል። ስለዚህ 0.45 የሚል ቁጥር ባየሁባቸው ቀናት ስልክ እያነሣሁ የተቆጣሁት በከንቱ ነበር፤ መቆጣት የነበረብኝ ቁጥሩ 0.06 በሆነባቸው ቀናት ነው።

ከመንከራተቱ ያወጣኝ የጎረቤታችን ጥያቄ ነው። ጡረታ የወጡ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው፤ አንድ ቀን አመሻሹ ላይ ደጃፋቸው ተቀምጠው ስማረር ሰሙኝና፣ «ለመሆኑ ከሞደሙ ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?» አሉኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ከሞደሙ ወዲህ ያለው ዋይፋዩ፣ የቤቱ ግድግዳ፣ ስልኮቻችንና ኮምፒውተሮቻችን ናቸው፤ ከሞደሙ ወዲያ ያለው ደግሞ የስልክ ሶኬቱ፣ ከምሰሶው ወደ ቤት የሚመጣው ገመድ፣ የሰፈሩ ማከፋፈያ ሳጥን፣ ከዚያም ማዕከሉ ነው። እኔ ሁለት ወር ሙሉ ሁለቱን አደባልቄ «ኔትወርኩ» እያልሁ ስጠራ ኖሬያለሁ።

መለያው ቀላል ነው። የሁሉንም ስልክ ዋይፋይ አጠፋሁና ላፕቶፑን በላን ኬብል በቀጥታ ከሞደሙ ጋር አገናኘሁ። ከዚያ ሁለት የትእዛዝ መስኮቶች ከፈትሁ፤ በአንደኛው ሞደሙን ራሱን፣ ማለትም 192.168.1.1ን፣ በሌላው ደግሞ ከቤት ውጭ ያለ አድራሻ ያለማቋረጥ ፒንግ እንዲያደርጉ፣ ማለትም አጭር መልእክት እየላኩ መልስ እንዲጠብቁ፣ አዘዝሁ። ሞደሙ እየመለሰ የውጭው ዝም ካለ ችግሩ ከሞደሙ ወዲያ ነው፤ በገመድ ሁለቱም እየመለሱ በዋይፋይ ብቻ የሚቆራረጥ ከሆነ ወዲህ ነው። ያገኘሁት መልስ ግን ከሁለቱም የተለየ ነበር። አብዛኛውን ጊዜ ሞደሙ ከ1 ሚሊ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ እየመለሰ የውጭው ይጠፋል፤ አንዳንድ ጊዜ ግን ሞደሙ ራሱ ለሁለት ደቂቃ ያህል ድምፁን ያጠፋል። ስለዚህ አንድ ብዬ የያዝሁት በሽታ ሁለት ነበር።

ሥራዬ መመዝገብ ስለሆነ ከዚያን ቀን ጀምሮ ከሞደሙ አጠገብ ደብተር አስቀምጬ የእያንዳንዱን መቋረጥ ቀን፣ ሰዓትና ዓይነት፣ እንዲሁም ዝናብ መጣሉንና አለመጣሉን መጻፍ ጀመርሁ። በዐሥር ቀን ውስጥ የውጭው መስመር የሚጠፋው ዝናብ በጣለባቸውና በማግሥታቸው ባሉት ቀናት መሆኑ ግልጽ ሆነ። ሞደሙ ራሱ ዝም ያለባቸው ሰዓታት ግን ከዝናብ ጋር አልገጥም አሉኝ፤ ረቡዕ ጧት 2፡40፣ ቅዳሜ ጧት 3፡15፣ እንደገና ረቡዕ 2፡50። ባለቤቴ ከኋላዬ ቆማ ደብተሩን አየችና፣ «ይኼማ የእኔ የእንጀራ ቀን ነው» አለችኝ።

እውነቷን ነበር። የኤሌክትሪክ ምጣዳችን 3.5 ኪሎ ዋት ገደማ የሚስብ ሲሆን፣ በ220 ቮልት ሲሰላ 16 አምፔር ያህል ይሆናል። ምጣዱ በተሰካ ቁጥር የሳሎኑ አምፖል ለአፍታ ደብዘዝ ይላል፤ ያቺ አፍታ ሞደሙን አጥፍታ እንደገና ታስነሣዋለች። ጥሩ አዳፕተር ከ100 እስከ 240 ቮልት ያለውን ሁሉ ተቀብሎ የሚያወጣውን 12 ቮልት ስለማያዛንፍ እንዲህ ያለው መውረድ ሊጥለው አይገባም ነበር። የእኛ ግን የመጀመሪያው አልነበረም፤ ግንቦት ላይ መብራት ሄዶ ሲመለስ የመጀመሪያው ስለተቃጠለ፣ «12 ቮልት፣ 1 አምፔር» ተብሎ የተጻፈበት ላባ የሚያህል ቀላል አዳፕተር ከመንገድ ዳር ገዝቼ ተክቼው ነበር። ከወንድሜ ልጅ ደህና አዳፕተር ተውሼ ስሰካው ረቡዕም ቅዳሜም እንጀራው እየተጋገረ ሞደሙ ሳይነቃነቅ ዋለ። አዳፕተር ሲቀየር ቮልቱ አንድ ዓይነት መሆን አለበት፤ አምፔሩ ከሞደሙ ፍላጎት እኩል ወይም በላይ ሊሆን ይችላል፣ በታች ግን አይሆንም። የመሰኪያው ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ አቀማመጥም መመሳሰሉን ማየት ያስፈልጋል። ሞደሙንም ከፍሪጁ ጋር ይጋራው ከነበረው ዲቫይደር አውጥቼ ለብቻው ሶኬት ሰጠሁት።

የዝናቡ ችግር ከዚህ የረቀቀ ነበር። የእኛ ኢንተርኔት የሚመጣው በመዳብ የስልክ መስመር ነው። ድምፅ ከ4 ኪሎ ኸርዝ በታች ያለውን ክፍል ሲይዝ፣ ኤዲኤስኤል 2 ፕላስ የተባለው ቴክኖሎጂ ከዚያ በላይ እስከ 2.2 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ይጠቀማል። እንዲህ ያለ ከፍተኛ ድግግሞሽ ደግሞ በረዘመና በተበላሸ ገመድ ላይ በፍጥነት ይዳከማል። በሞደሙ የቅንብር ገጽ ላይ ይህን ዲሲቤል በተባለ መለኪያ የሚያሳዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ አንደኛው ሲግናሉ በመንገድ ላይ ምን ያህል እንደ ተዳከመ፣ ሁለተኛው ደግሞ መስመሩን ለመያዝ ከሚያስፈልገው በላይ ሲግናሉ ከጫጫታው ምን ያህል ትርፍ እንዳለው ይናገራሉ። የመጀመሪያው በእኛ ቤት 41 ዲሲቤል ነበር፤ በግምት በየኪሎ ሜትሩ 14 ዲሲቤል ይጠፋል ቢባል፣ ከማዕከሉ 3 ኪሎ ሜትር ያህል የገመድ ርቀት ላይ ነን ማለት ነው። ይህ ለ4 ሜጋ ቢት የሚያሳስብ አይደለም። ትርፉ ግን በደረቅ ቀን 9 ዲሲቤል ሆኖ ዝናብ ከጣለ በኋላ ወደ 3 ይወርድ ነበር። በተለምዶ 6 እንደ ደህና መነሻ ይቆጠራል፤ ከዚያ በታች እየወረደ ሲሄድ መስመሩ ይንገዳገዳል።

ጎረቤታችን አንድ ዘዴ አሳዩኝ፤ ከመሣሪያ ሁሉ ይልቅ የጠቀመኝ እርሱ ነው። ሞደሙን ነቅዬ ተራ የቤት ስልክ ለብቻው ሰካሁ፤ እጀታውን አንሥቼ አንድ ቁጥር ስነካ የመደወያው ድምፅ ይቆማል፣ ያን ጊዜ ጤነኛ መስመር ጸጥ ማለት አለበት። የእኛ መስመር ግን ክዳኑ የተከደነ ድስት ውስጥ ፈንዲሻ ሲፈነዳ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማ ነበር። ውጭ ነፋስ በነፈሰ ቁጥርም ይብስበታል።

ነፋሱን ስሰማ ዓይኔ ወደ ማንጎው ሄደ። ከምሰሶው የሚመጣው ጥቁር ገመድ በጓሯችን ማንጎ ቅርንጫፎች መካከል አልፎ ከጣራው ክፈፍ ሥር ይገባል። ነሐሴ መጨረሻ ላይ ፀሐይ በወጣበት ቀን መሰላል አቁሜ ወጣሁ። ከክፈፉ አንድ ክንድ ያህል ርቆ፣ በቅጠሉ ተሸፍኖ ከታች የማይታይ፣ በፕላስተር የተጠቀለለ ቅጥያ ነበር። ፕላስተሩ በፀሐይ ብዛት ቀልጦ እንደ ዝፍት ይለጠፋል፤ አንዱን ጫፍ ገለጥ ሳደርገው ውሃ ጠብ አለ፣ ከውሃው ጋር ጥቃቅን ጉንዳኖች ወጡ። ሁለቱ የመዳብ ሽቦዎች አረንጓዴ ሆነው ነበር፤ አንደኛው በሦስት አራት ዙር ተጠምዞ ይያዝ የነበረው አሁን በፀጉር ያህል ቀርቶታል። ውሃው በሁለቱ ሽቦዎች መካከል ሲግናሉን ያፈስሳል፣ ዝገቱ ያንቀዋል፣ ነፋስ ሲነቀንቀው ደግሞ አንድ ጊዜ ይነካል፣ አንድ ጊዜ ይለቃል። በፍጥነት መለኪያው ላይ ሳየው የከረምሁት ውጣ ውረድ ሁሉ ከዚያች ከአውራ ጣት በማትበልጥ ቋጠሮ ውስጥ ነበር።

የስልክ መስመር 48 ቮልት ገደማ ይዞ ስለሚቆይ፣ ሲደውል ደግሞ ከዚያ በላይ ስለሚሆን፣ በእርጥብ እጅ መነካካት አይገባም፤ ከመብራት ገመድ አጠገብ የሚያልፍ ከሆነ ደግሞ ጨርሶ መሰላል አለመውጣት ይሻላል። እኔም ፎቶ አንሥቼ፣ ፕላስተሩን መልሼ ወረድሁ እንጂ አልቀጠልሁትም።

በዚህ ጊዜ ወደ ደንበኞች መስመር ስደውል «ኢንተርኔቱ ቀርፋፋ ነው» አላልሁም። የተቋረጠባቸውን ቀናትና ሰዓታት፣ ትርፉ በደረቅና በዝናብ ቀን ስንት እንደሆነ፣ በስልኩ የሚሰማውን ድምፅ፣ ቅጥያው ያለበትንም ቦታ ነገርኋቸው። ከዚህ በፊት አራት ጊዜ ደውዬ ያልመጣው የጥገና ባለሙያ በሦስተኛው ቀን መጣ። ወጣት ነው፤ ቅጥያውን እንዳየ ሳቅ ብሎ፣ «ጋሼ፣ ይኼን እኮ እኛ አልቀጠልነውም» አለኝ። አፈርሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ማድ ቤቱን ስናሰፋ ገመዱ አጥሮ ስለነበር በቀን ሥራ የቀጠርሁት ሰው ቀጥሎት ነበር፤ ያዘዝሁትም የከፈልሁትም እኔ ነኝ። ክረምቱን ሙሉ ስወቅሰው የነበረው ድርጅት በዚህኛው ነገር እጁ አልነበረበትም።

ባለሙያው ከምሰሶው እስከ ሶኬቱ ቅጥያ የሌለው አዲስ ገመድ ዘረጋ፤ ከማንጎውም አራቀው። ገመዱ ወደ ቤቱ ከመግባቱ በፊት ትንሽ ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንዲታጠፍ አደረገ፤ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ወደ ውስጥ ከመግባት ይልቅ ከእጥፋቱ ላይ እንዲንጠባጠብ ነው። ወደ መኝታ ቤት ይሄድ የነበረውን፣ ስልክ ከተነቀለበት ብዙ ዘመን የሆነውን ትርፍ ገመድም አስወገደልን። ባዶ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ ሲግናሉን ወደ ኋላ እያንጸባረቀ ይረብሻል። ማምሻውን ቁጥሮቹን ሳይ መዳከሙ 38፣ ትርፉ 12 ዲሲቤል ሆኖ ነበር፤ በማግሥቱ ጳጉሜን ቢሆንም ኃይለኛ ዝናብ ጥሎ ከ11 አልወረደም።

ከሞደሙ ወዲህ የቀረውን ለማስተካከል አንድ ከሰዓት በኋላ በቃኝ። ሞደሙ መስታወት ካለው ቁም ሳጥን ጀርባ ወለል ላይ ተቀምጦ ነበርና ከመስታወቱ አርቄ ከፍ ባለ መደርደሪያ ላይ አወጣሁት። ዋይፋዩ ከጎረቤቶቻችን ሁሉ ጋር ቻናል 6 ላይ ተጨናንቆ ስለነበር ወደ 11 አዛወርሁት፤ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ላይ እርስ በርሳቸው የማይደራረቡት 1፣ 6 እና 11 ናቸው። ያ ሦስት አንቴናው ራውተርም ሥራ አገኘ፤ በላን ኬብል ከሞደሙ ጋር ተገናኝቶ ብሎኬቱ ያገደውን የልጆቹን ክፍል ያዳርሳል። ገንዘቤን ለማስመለስ ያደረግሁት ነው ትላለች ባለቤቴ፤ አልካድሁም።

ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ያለው መቀዝቀዝ ግን አሁንም አለ። በገመድ ስለካው፣ ትርፉ 12 ሆኖ እያለ፣ ፍጥነቱ ወደ 2 ሜጋ ቢት ይወርዳል፤ ሰፈሩ ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲገባ የሚጋሩት መንገድ ይጠብባልና ከቤቴ ሆኜ የማስተካክለው ነገር አይደለም። ከባድ ፋይሎቼን ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ እንዲወርዱ አዝዤ እተኛለሁ፤ ስነሣ ወርደው አገኛቸዋለሁ።