ታክሲ ውስጥ ወሬ የምጀምርበት መንገድ

ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ እነዳለሁ። አብዛኛው ተሳፋሪ ስልኩ ላይ ነው። መጫወት የሚወድ ሲገኝ ግን ጨዋታው ቶሎ ወደ ዘር ይሄዳል።

እኛ ዘንድ «የየት አገር ልጅ ነህ?» መተዋወቂያ ነበር። አሁን አሁን አገር ቤትም ከብዷል። እዚህ ደግሞ አሜሪካ ተወልዶ ላደገ የእስያ ወይም የላቲን ዝርያ ላለው ሰው «አንተ የዚህ አገር ሰው አይደለህም» እንደማለት ነው። ስለዚህ ቀድሜ አልጠይቅም። «ለሥራ ነው የመጡት?» እላለሁ። መናገር የፈለገ ራሱ ይነግረኛል። እኔን ሲጠይቁኝ ግን ደስ ይለኛል፤ ወሬው ወደ ቡና ይዞራል።

የአሜሪካ ፉትቦል ወሬ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የከተማው ቡድን ከ1930ዎቹ ጀምሮ የአሜሪካን ነባር ሕዝቦች በቆዳቸው ቀለም የሚጠራ ስም ነበረው። ባለቤቱ በ2013 «መቼም አልቀይረውም» ብለው ነበር። ጥቁር አሜሪካዊው ጆርጅ ፍሎይድ በፖሊስ እጅ በተገደለበት በ2020 ስፖንሰሮች ሲገፉ ስሙ ሐምሌ ላይ ቀረ። ከ2022 ወዲህ ኮማንደርስ ነው። የድሮውን ስም ዛሬም የሚጠሩ ሽማግሌዎች አሉ። ከአባታቸው ጋር ስታዲየም የገቡበትን ጊዜ እያስታወሱ ነው፤ ክፋት አላይባቸውም። አላርማቸውም፣ አልከተላቸውምም። «ኮማንደርስ ዘንድሮ እንዴት ናቸው?» እላለሁ። ብዙ ጊዜ እነሱም ከዚያ በኋላ አዲሱን ስም ይይዛሉ።

የሚከብደኝ ሌላ ነው። «እናንተ ኢትዮጵያውያን ከሌሎቹ ጥቁሮች ትለያላችሁ፤ ሠራተኞች ናችሁ» የሚል ተሳፋሪ አለ። እያመሰገነኝ ነው። ፈገግ ብዬ ባልፈው ጉርሻውም ይጨምራል። ግን አላልፈውም። ድምፄን ሳልጨምር፣ እንደኔ ላሉ ሰዎች በሩን የከፈተው የ1965ቱ የኢሚግሬሽን ሕግ ጥቁር አሜሪካውያን ከታገሉለት የሲቪል መብቶች ጊዜ ጋር የመጣ መሆኑን እነግረዋለሁ። እነሱ ባይደበደቡ፣ ባይታሰሩ ኖሮ እኔ እዚህ ወንበር ላይ መቀመጤን እጠራጠራለሁ። አንዳንዱ ዝም ይላል። አንዳንዱ ጥያቄ ያመጣል፤ እንደዚያ ዓይነት መንገድ ባያልቅ እላለሁ። «ዘረኛ ነህ» ብዬው ግን አላውቅም። ያን የተባለ ሰው ጆሮውን ይዘጋል፤ ታሪክ የተነገረው ግን ቢያንስ ያዳምጣል።

ይህን ሁሉ ለፈረንጅ ነግሬ ከራሳችን ሰው ጋር ዝም ማለት አይሆንልኝም። በአማርኛ ስለሆነ አይሰሙንም እያልን ስለ ጥቁር አሜሪካውያን በስልክ የምንናገረው አለ። ስለ ቆዳ፣ ስለ አፍንጫ፣ ከዚያም የከፋ፤ አያቶቻችን ሰው በሚሸጡበት ዘመን የሚጠቀሙበትን ስድብ ሳይቀር። ጓደኛ ደውሎ እንዲህ ሲጀምር ተሳፋሪ ኖረም አልኖረም «ተው ወንድሜ፣ ሌላ አውራ» እለዋለሁ። የሚቀየመኝ አለ። እዚህ የተወለዱ ልጆቻችን ግን አማርኛውን ይሰማሉ። እራት ላይ ይቆጡናል፤ ልክም ናቸው።