ቢጫ የተሰጠው ልጅ

በአንድ የአዲስ አበባ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በትሪያጅ ነርስነት፣ ማለትም የገቡ ታካሚዎችን በሕመማቸው አስጊነት በመለየት ሥራ፣ ሳገለግል በየምሽቱ ከምሰማቸው አቤቱታዎች የሚበዛው «እኛ ቀድመን መጥተን እነሱ ለምን ገቡ?» የሚለው ነው። መልሱ አጭር ቢሆንም በጭንቅ ላይ ላለ አስታማሚ አይዋጥለትም፤ ድንገተኛ ክፍል ታካሚን የሚያስቀድመው በሕመሙ አስጊነት እንጂ በአመጣጡ ተራ አይደለም። በምንከተለው የቀለም አሠራር ቀይ የተሰጠው ወዲያውኑ፣ ብርቱካናማ በ10 ደቂቃ፣ ቢጫ በ1 ሰዓት፣ አረንጓዴ ደግሞ በ4 ሰዓት ውስጥ ሊታይ ይገባል። ይገባል እንጂ ሁልጊዜ ይታያል ማለቴ አይደለም፤ አልጋ ሞልቶ ታካሚ ኮሪደር ላይ በስትሬቸር የሚያድርበት ሌሊት ብዙ ነው።

በዚያ ምሽት 1 ሰዓት አለፍ እንዳለ አንዲት አያት የ11 ዓመት የልጅ ልጃቸውን ይዘው ገቡ። ልጁ ኳስ ሲጫወት ወድቆ ክንዱ የተሰበረ ሲሆን፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ገደማ ወጌሻ ዘንድ ተወስዶ በቀርከሃ ታስሮለታል። የልብ ምቱን፣ ትንፋሹንና ሙቀቱን ለክቼ ቢጫ ሰጠሁት፤ ክንዱ በአያቱ ነጠላ ተጠቅልሎ ስለነበር ግን ገልጬ ጣቶቹን አላየሁም። ወዲያው በመኪና አደጋ የተጎዱ ሦስት ሰዎች ስለደረሱ ልጁ ከሐሳቤ ወጣ።

ከ20 ደቂቃ በኋላ አያቱ ወደ ጠረጴዛዬ ቀረብ ብለው «ሲስተር፣ ጣቶቼ ደነዘዙ እያለኝ ነው» አሉኝ። ቀና እንኳ ሳልል «እማማ፣ ተራዎን ይጠብቁ» አልኳቸው፤ ተመልሰው ተቀመጡ። ቁርጭምጭሚቱ ወለም ያለው አንድ ወጣት ግን ክፍሉን በጩኸት ስላናወጠው እሱን ለማረጋጋት ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። ጩኸት የሕመም መለኪያ እንዳልሆነ ለተለማማጅ ተማሪዎች የማስረዳው እኔ መሆኔን ሳስበው ዛሬም ያሳፍረኛል።

ልጁ በገባ በ50 ደቂቃው አጠገቡ ሳልፍ ዝም ማለቱ አስደነገጠኝ። ነጠላውን ስገልጠው ጣቶቹ አብጠው፣ ገርጥተውና ቀዝቅዘው አገኘኋቸው፤ ጥፍሩን ተጭኜ ስለቀው ቀለሙ ለመመለስ ዘገየ፣ መሐል ጣቱን ቀስ ብዬ ስዘረጋው ደግሞ ጮኸ። ያበጠ ጡንቻ በጠበቀ ማሰሪያ ውስጥ ሲታፈን ደም ያጣል፤ በሰዓታት ውስጥ ካልተፈታለት ጉዳቱ እጅን እስከ ማስቆረጥ ይደርሳል። እንዲህ ያለ ክንድ ከመነሻው ብርቱካናማ መሆን ነበረበት። ተረኛውን ሐኪም ጠርቼ ማሰሪያውን በመቀስ ቆረጥነው፤ ቀርከሃው በቆዳው ላይ የተወው ሰርጓዳ መስመር እስካሁን ዓይኔ ላይ አለ። የጣቶቹ ቀለም ቀስ በቀስ ተመለሰ፣ የአጥንት ሐኪሞችም ሌሊቱን ሙሉ ሲከታተሉት አደሩ፤ እጁ ተረፈ።

ከዚያ ወዲህ ቀለም በሰጠሁ ቁጥር አንድ ነገር እጨምራለሁ፦ የድንገተኛ ክፍል ሥራ ለሕይወትና ለአካል የሚያሰጋውን ለይቶ ማስታገስ በመሆኑ መጠበቅም፣ ሕመሙ ስሙ ሳይታወቅ ወደ ተመላላሽ ክፍል መላክም ያጋጥማል፤ ነገር ግን ሲገቡ የተሰጠ ቀለም ሊለወጥ ስለሚችል፣ አዲስ መደንዘዝ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም መፍዘዝ ከታየ ተነሥተው ይንገሩኝ፣ ካልሰማሁም ይድገሙልኝ እላለሁ።

አያቱን በማግስቱ ሲሸኙ ለምን ደግመው እንዳልነገሩኝ ጠየቅኋቸው። «ሥራ በዝቶብሽ ስላየሁ ላለማስቸገር ነው፣ ልጄ» አሉኝ።