ትከሻዬን ያበላሸውም ያዳነውም ዱላ ነው

አንድ ሰው ቀደም ብሎ «የስፖርት ዱላ ማዞር በግማሽ ኪሎ ጀምር» ቢለኝ ኖሮ ስምንት ወር ሙሉ ባልተቃጠልኩ ነበር። ማንም አላለኝም። ስለዚህ እኔ ልበላችሁ።

ደብረ ማርቆስ የሂሳብ መምህር ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ቀኝ እጄን ሰቅዬ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬአለሁ። 2011 ዓ.ም. ትምህርት እንደተከፈተ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ዘንድሮ ከመሃል ነው እንዴ የሚጀምሩት?» አለችኝ። ዞር ብዬ ሳይ እውነቷን ነው። የሰሌዳው የላይኛው ሲሶ ንጹህ ነው፣ ጠመኔ አልነካውም። ትከሻዬ እየተቆለፈ መሆኑን እኔ ሳላውቅ ጽሑፌ በየሳምንቱ አንድ ሁለት ጣት እየወረደ ነበር ማለት ነው።

የወንድሜ ልጅ ስልኩ ላይ ቪዲዮ አሳየኝ። ጠርሙስ የሚመስሉ ሁለት የእንጨት ዱላዎች ይዘው በጭንቅላታቸው ዙሪያ የሚያዞሩ ሰዎች ናቸው። ፈረንጆቹ ክለብ ይሉታል። እኔ ግን ለሰው «ክለብ ላሠራ ነው» ስል አንዱ የእግር ኳስ ቡድን፣ ሌላው ጭፈራ ቤት እየመሰለው ስላስቸገረኝ ዱላ ብዬዋለሁ። ነገሩ ደስ ይላል። ትከሻ የተፈጠረው ለመዞር ነው፤ ዱላው ደግሞ ያዞረዋል። ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ነው የተበላሸው።

ቶርኖ ያላቸው አንድ ሽማግሌ አናጢ ዘንድ ሄድኩ። ሥዕሉን በወረቀት አስምሬ፣ ልኩን በሚሊ ሜትር ጽፌ ነው የሄድኩት።

«ዘነዘና ነው?» አሉኝ።

«አይ ጋሼ፣ ስፖርት መሥሪያ ነው።»

«ሁለት ዘነዘና ለስፖርት?» አዩኝ። «በምን እንጨት ይሁንልህ፣ መምህር?»

«ጠንካራ ይሁን።»

የገደለችኝ ቃል ይህች ናት። «እንግዲያው ወይራ ነዋ! የጎጃም ሰው ከወይራ ሌላ ምን ዱላ ይይዛል?» አሉኝ። እኔም ደረቴን ነፋሁ። ቪዲዮው ላይ ያየኋቸው የፋርስ ጡንቸኞች የሚያዞሩት የራሳቸውን ጭን የሚያህል ግንድ ነው። የነሱን ባላክልም ግማሹን አላጣም አልኩ። እነሱ ከልጅነታቸው ጀምረው ለዚያ ክብደት መድረሳቸውን ማን ያስብ!

እስከ ዛሬ የሚያናድደኝ ይሄ ነው። የሲሊንደርን ይዘት በየዓመቱ የማስተምር ሰው ነኝ። ርዝመቱ 60 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ በአማካይ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ እንጨት 2,300 ሴንቲ ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣዋል። ወይራ ደግሞ ከውሃ ብዙም የማይቀል እንጨት ነው። ከሁለት ኪሎ በላይ እንደሚመዝን የአሥረኛ ክፍል ልጅ ያሰላዋል። እኔ አላሰላሁም። ልኩን ሁሉ ጽፌ አንዷን ቁጥር፣ ክብደቱን፣ አልጻፍኩም።

አናጢውም የራሳቸውን ጨመሩበት። እጀታው ጫፍ ላይ ሎሚ የምታክል እብጠት ሥዬ ነበር፣ ዱላው ከእጅ እንዳያመልጥ። «እንጨት ማባከን ነው» ብለው ቆረጧት። ከዚያ በቫርኒሽ አብለጭልጨው ሰጡኝ። ያምራል! ሳሎን ላስቀምጠው ሁሉ አስቤ ነበር።

የመጀመሪያው ቀን አምፖል ሰበርኩ። በሁለተኛው ቀን ግቢ ወጣሁ፤ ላብ ቫርኒሹን ሲነካው የግራው ሙልጭ ብሎ ወጥቶ የጎረቤት ቆርቆሮ ላይ አረፈ። እናቴ ድንጋይ የተወረወረብን መስሏት እየጮኸች ወጣች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ባለ ከተማ በኅዳር ብርድ፣ ሰውነቴን ሳላሟሙቅ የቀኙን ወደ ጀርባዬ ጣልኩት። ዱላው ወረደ፤ እጄ ሊመልሰው አልቻለም። ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር «ቀጭ» አለ። ድምፁን ሰምቼዋለሁ።

በኋላ የገባኝን ልንገራችሁ። ሁለት ኪሎ ስኳር በፌስታል መያዝና ሁለት ኪሎን ዘንግ ጫፍ ላይ አስሮ ማዞር አይገናኝም። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ውጭ የሚጎትተው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። የክንድ አጥንት ራስ ደግሞ ኳስ ነው፤ የተቀመጠበት ግን እንደ ስኒ ማስቀመጫ ሰሃን ጥልቀት የሌለው ነገር ነው። ኳሱን ቦታው ላይ የሚይዙት አራት ትናንሽ ጡንቻዎች ናቸው። እኔ ትልልቆቹን ጡንቻዎች አምኜ ትናንሾቹ ላይ ጣልኩባቸው።

ወደ ሕክምና ሄድኩ። ካርድ ለማውጣት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት እስከ አምስት ሰዓት ተሰለፍኩ። የገባሁበት ባለሙያ ሸሚዜን እንኳ አላስወለቀኝም። ክንዴን ይዞ አላነሣውም፣ የት ጋ እንደሚያመኝ በጣቱ አልነካም። «አታንቀሳቅሰው፣ አንድ ወር አሳርፈው» ብሎ ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ ጻፈልኝ። ምን ሆኜ ነው ስለው «ጡንቻ ነው» አለኝ። ጡንቻ መሆኑን እማ እኔም አውቃለሁ!

ታዛዥ ነኝና ክንዴን በነጠላ አንግቼ አንድ ወር ተቀመጥኩ። ሕመሙ ቀለል አለ፤ ትከሻው ግን ደረቀ። ነጠላውን ስፈታው እጄ የኋላ ኪሴ አይደርስም። ቀበቶዬን ልጄ ታስገባልኝ ጀመር። ጥር ላይ የአክስቴ ልጅ ሰርግ ሆነ። ጎጃም ውስጥ፣ ሰርግ ቤት፣ ትከሻው የማይነቃነቅ ሰው አስቡ። ጎትተው መሃል አስገቡኝና በአንድ ትከሻ እስክስታ ሞከርኩ። በጣም ሳቁ። ወጥቼ ጥግ ስቀመጥ ደግሞ «መምህር ኮራ» ተባልኩ።

ያዳነችኝ የካቲት ላይ ባሕር ዳር ያገኘኋት ወጣት ፊዚዮቴራፒስት ናት። መጀመሪያ ሸሚዜን አስወለቀችኝ። ክንዴን በየአቅጣጫው አንሥታ አየችው። ከዚያ በግራ እጄ ጠረጴዛ አስደግፋ አጎነበሰችኝና «ቀኙን ይልቀቁት፣ ይንጠልጠል» አለችኝ። «አሁን በሰውነትዎ ወዝወዝ ያድርጉት፣ ትንሽ ክብ ይሥራ።» ስንት ኪሎ ልያዝበት ስላት ሳቀች። «ክንድዎ ራሱ ይበቃዋል ጋሼ።»

ያኔ ነው ነገሩ የበራልኝ። ይሄ እኮ ያው የዱላው እንቅስቃሴ ነው፣ ያለ ዱላ! ትከሻውን የሚከፍተው ክብደቱ ሳይሆን መወዛወዙ ነው። ክብደቱ እጄን ትንሽ እንዲጎትትልኝ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።

ስድስት ሳምንት በባዶ እጅ ሠራሁ። ሚያዝያ ላይ፣ እሷን አስፈቅጄ፣ ግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ሞልቼ አንገቱን ይዤ ማወዛወዝ ጀመርኩ። ግማሽ ኪሎ ማለት ነው፤ ሲከብዳችሁ ትጠጡለታላችሁ። ግንቦት ላይ ወደ አናጢው ተመለስኩ። በመንገዴ ወይራዎቹን አንዲት ሽንኩርት ሻጭ ዘንድ አስመዘንኳቸው። «ዱላ በኪሎ ሲሸጥ ዛሬ ገና አየሁ» አለች። አንዱ 2.1፣ ሌላው 2.4። እኩል እንኳ አይደሉም!

አናጢው «ለመሆኑ የማን አገር ጨዋታ ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው። የህንድ የትግል ስፖርተኞች ከጥንት ጀምሮ ይሠሩበታል፣ ፋርሶችም ዙርካኔ በሚሉት የስፖርት ቤታቸው። የእንግሊዝ ወታደሮች በ19ኛው ክፍለ ዘመን ህንድ ውስጥ አይተው ወደ አገራቸው ወሰዱት። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1904 ሴንት ሉዊስ፣ በ1932 ደግሞ ሎስ አንጀለስ ኦሎምፒክ ላይ ውድድር ነበር።

«በዘነዘና ወርቅ?» አሉ።

በዋንዛ ሠሩልኝ። ዋንዛ ቀላል ነው፣ ለቶርኖም አያስቸግርም። ርዝመቱ 45 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ ግማሽ ኪሎ ገደማ። ሎሚ የምታክለዋን እብጠትም በዚህ ጊዜ አላስቆረጥኳትም። ቫርኒሽ የለም፤ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሰው የኑግ ዘይት አሹበት፣ በቃ።

አሠራሩ ቀላል ነው። ውጭ ቁሙ፣ እግር ከፈት። ዱላውን አትጨብጡት፤ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያዝ አድርጉት፣ ይወዛወዝ። መጀመሪያ ከፊት ትልቅ ክብ፣ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም። ከጀርባ ያለውን ትንሹን ክብ ለሦስት ሳምንት አትንኩት፤ ሲደርስ ክርናችሁ ወደ ላይ፣ እጃችሁ ጆሯችሁ አጠገብ ይሁን። በቀን አሥር ደቂቃ ይበቃል። በደከማችሁ ጊዜ አቁሙ፤ የሚመታችሁ የደከመ ክብ ነው።

ብዙዎች በአንድ ኪሎ ጀምሩ ይላሉ። እኔ አልስማማም። እኔ አራት ዓመት ሠርቼም ከ700 ግራም አላለፍኩም፣ ማለፍም አልፈልግም። ጂም ያለው አሠልጣኝ «ይሄማ የሴት ነው» አለኝ። ሰጠሁትና አምስት ደቂቃ በትክክል እንዲያዞረው ጠየቅሁት። በሦስተኛው ደቂቃ ትከሻው እየተንቀጠቀጠ መለሰልኝ።

ሐኪም አትዩ አላልኩም። ሌሊት የሚያስነሣ ሕመም ካለ ወይም ክንዳችሁ ከነጭራሹ አልነሣ ካለ ዱላ ከመንካታችሁ በፊት ታዩ። ግን ሳይነካችሁ «አርፈህ ተቀመጥ» የሚል ከገጠማችሁ ሌላ ፈልጉ።

አሁን ሰሌዳውን ከጫፉ ጀምሬ እጽፋለሁ። ከወይራዎቹ አንዱ እየደረቀ ሲሄድ ተሰንጥቆ ወደቀ፤ ለካ እርጥብ እንጨት ነበር። ባለ 2.4ቱን እናቴ ወሰደችው። ቡና ትወቅጥበታለች፤ እንደሱ ያለ ዘነዘና አላየሁም ትላለች።