ፒክአፑ ሞቷል ብዬ አዲስ አስመጣሁ፣ ችግሩ ግን ስዊቹ ነበር

ስትራት የሚባለው አይነት ባለ ሦስት ፒክአፕ (የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ማግኔትና የሽቦ ጥቅል) ኤሌክትሪክ ጊታር አለኝ፣ ቸርች መዝሙር የምጫወትበት። አንድ ቀን የአንገቱ ፒክአፕ (በጊታሩ አንገት በኩል ያለው) ድምፁ ድንገት ቀጠነ፣ ጭራሽ አልጠፋም ግን ቤዙ የለም፣ ከሩቅ የሚመጣ ነው የሚመስለው። እኔም ሞቷል ብዬ ዱባይ ላለችው የአክስቴ ልጅ ነገርኳት፣ ሁለት ወር ጠብቄ አዲስ መጣልኝ፣ አሮጌውን ነቅዬ አዲሱን በሶልደር አያያዝኩት አምፑን ከፈትኩት... ያው ድምፅ! እንዴት እንደከፋኝ።

ጎረቤቴ ኤሌክትሮኒክስ ይጠግናል፣ "በቴስተር ለክተኸዋል?" አለኝ። አልለካሁም። ለካ ጊታሩን መፍታት እንኳን አያስፈልግም፣ ኬብሉን ትሰካለህ፣ ቮልዩሙን እስከመጨረሻው ትከፍታለህ፣ ከዛ ፒክአፖቹን በመምረጫው ስዊች አንድ በአንድ እየመረጥክ በሌላኛው ጫፍ ያለውን ጃክ ጫፉንና አካሉን በኦም ትለካለህ። የብሪጁ (ክሮቹ በታች የሚያርፉበት በኩል ያለው) 6.2 ኪሎ ኦም፣ የመሀሉ 5.8፣ የአንገቱ ግን 248 አለ። ነገሩ የገባኝ እዚህ ጋ ነው፣ ምክንያቱም የቮልዩም ፖቱ (ቁልፉ ስር ያለው ተለዋዋጭ ሬዚስተር) 250 ኪሎ ኦም ነው፣ ቴስተሩ የሚያየው ፖቱን ብቻ ነው ፒክአፑ ጋ አይደርስም ማለት ነው። አሮጌውን ከመሳቢያ አውጥቼ ሽቦዎቹ ላይ ለካሁት፣ 5.9፣ ምንም አልሆነም። ስዊቹን ስናይ መገናኛው ጠቁሯል፣ ኮንታክት ክሊነር ነፍተንበት ሃያ ጊዜ ያህል ወዲህ ወዲያ ሳደርገው 248ቱ ወደ 6.3 ወረደ። ድምፁ የቀጠነውም ለዚህ ነው፣ የተቋረጠ ቦታ ላይ ቀጭኑ ድምፅ ትንሽ ትንሽ ክፍተቱን ዘሎ ያልፋል፣ ወፍራሙ ይቀራል።

አላለቀም። አንገትና መሀል አንድ ላይ ስከፍት በአፍንጫ የሚያወራ ሰው ሆነብኝ፣ ለየብቻቸው ግን ሁለቱም አሪፍ ናቸው። ይሄ የፌዝ ጉዳይ ነው፣ የሌላ ካምፓኒ ፒክአፕ ስትቀላቅል የጥቅልሉ አቅጣጫ ወይ ማግኔቱ ሊገለበጥ ይችላል ከዛ እርስ በርስ ይጣፋሉ። የአዲሱን ሁለት ሽቦ ብቻ አቀያየርኩ፣ ተስተካከለ። የብረት ክዳን ያለው ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፣ ክዳኑ ከግራውንዱ ሽቦ ጋር ስለሚያያዝ መጀመሪያ እሱን ለዩት፣ አለዚያ ክዳኑን በነካችሁ ቁጥር ይጮሃል።

ሌላው ድምፅ እንዲጨምር ብዬ ፒክአፑን በካቻቪቴ በጣም ከፍ አድርጌው ነበር፣ ወፍራሙ ክር ላይ ድምፁ ይወዛወዛል ቅኝቱ አልይዝ ይላል፣ ማግኔቱ ክሩን እየሳበው ነው። መጨረሻ ፍሬት (አንገቱ ላይ ያለው ብረት) ላይ ክሩን ተጭኜ ከክሩ እስከ ፒክአፑ ያለውን ርቀት በወፍራሙ በኩል 2.4 ሚሊ በቀጭኑ 2 ሚሊ አካባቢ ሳደርገው ተወኝ።

ሃምባከር (ባለ ሁለት ጥቅል ፒክአፕ) ያላችሁ የኦም ቁጥሩ ከፍ ይላል፣ ብዙ ጊዜ ከ7 እስከ 9 ኪሎ ኦም ነው፣ ፖቱም 500 ይሆናል። እኔ የሦስቱንም ንባብ ወረቀት ላይ ጽፌ ኬዙ ውስጥ ለጥፌዋለሁ፣ ድምፁ በተቀየረ ቁጥር መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።