የጠፈር መርከብ አድናቂ ሆኖ ጅማ ውስጥ መኖር

በጠፈር መርከብ ስለሚጓዙ ሰዎች የሚተርከውን የአሜሪካ የቴሌቪዥን ተከታታይ፣ ስታር ትሬክን፣ በሕይወት ያቆዩት አድናቂዎቹ ናቸው። ጂን ሮደንቤሪ የፈጠረው የመጀመሪያው ተከታታይ እ.ኤ.አ. በ1966 በአሜሪካው ኤንቢሲ ቴሌቪዥን መታየት ጀመረ። በሁለተኛው ዓመት ሊቋረጥ ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ቢጆ ትሪምብል የምትባል አድናቂ ከባለቤቷ ጋር ሆና የደብዳቤ ዘመቻ አስተባበረች። ጣቢያው በደብዳቤ ተጥለቀለቀ፤ ተከታታዩ እንደሚቀጥልም በራሱ ሥርጭት ላይ አስታወቀ። በ1969 በ79 ክፍሎች ቢቋረጥም በድጋሚ ሲታይ ከመጀመሪያው የበለጠ ሰው ወደደው። በ1976 ደግሞ አድናቂዎቹ ለፕሬዚዳንት ጄራልድ ፎርድ ደብዳቤ ጽፈው፣ የናሳ የመጀመሪያው የሙከራ የጠፈር መንኮራኩር በተከታታዩ መርከብ ስም ኢንተርፕራይዝ ተብሎ እንዲጠራ አደረጉ። ይህን ታሪክ ካነበብኩ በኋላ አድናቂ ማለት የሚሠራ ሰው ነው ብዬ አመንኩ። እኔም የድርሻዬን ጅማ ላይ እንዴት እንደሠራሁ ልንገራችሁ።

የእኔ ተከታታይ ከመጀመሪያው በኋላ ከተሠሩት አንዱ ነው፤ ከ1987 እስከ 1994 የታየው «ዘ ኔክስት ጄኔሬሽን»። ሰባት ምዕራፍ፣ 178 ክፍል አለው። አንዱ ክፍል 45 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ ሁሉም ሲደመር ከ130 ሰዓት ይበልጣል። ልቤን የወሰደው የመርከቧ አዛዥ ፒካርድ ነው። የሚጫወተው ፓትሪክ ስቱዋርት በእንግሊዝ የቲያትር መድረክ ላይ ያደገ ተዋናይ ነው። ፒካርድ መሣሪያ ከማንሣቱ በፊት ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ ባለሙያዎቹን ሰብስቦ ይመክራል። እንዲህ ያለ አዛዥ በፊልም አይቼ አላውቅም ነበር።

ሥራው የጀመረው በመሰብሰብ ነው። ጅማ መርካቶ አካባቢ ፊልም በፍላሽ የሚጭኑ ሱቆች አሉ፤ ሙሉውን የያዘ ግን አላገኘሁም። ከአንዱ ሦስተኛው ምዕራፍ፣ ከሌላው የስድስተኛው ግማሽ ተገኘ፤ የቀረውን አዲስ አበባ የሚማር የሰፈራችን ልጅ ለእረፍት ሲመጣ በሃርድ ዲስክ ይዞልኝ መጣ። የፋይሎቹ ስም የተዛባ፣ ቁጥራቸው የተደበላለቀ ነበር። ስለዚህ አንድ ባለ ትልቅ ገጽ ደብተር ገዛሁና ለእያንዳንዱ ክፍል አንድ መስመር ሰጠሁት፤ ምዕራፉ፣ ተራ ቁጥሩ፣ ርእሱ፣ ያለኝ ወይም የጎደለኝ፣ የግርጌ ጽሑፉ ከንግግሩ ጋር የሚገጥም ወይም የማይገጥም። የእያንዳንዱ ክፍል ርእስ ከመግቢያው ሙዚቃ በኋላ ማያው ላይ ስለሚጻፍ፣ የፋይሉን ስም ትቼ ያንን አመንኩ። እንደኔ የሚሰበስብ ሰው ካለ፣ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት የእያንዳንዱን ፋይል መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ከፍቶ ይይ። ዋናው ነገር የሚፈታው መጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ላይ ነውና፣ መጨረሻው የተቆረጠ ክፍል ከሌለው ይሻላል።

ብቻዬን ማየት ግን አላጠገበኝም። የምኖረው መንቲና ሰፈር በአንድ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ነው። አከራዬን እማማ እላቸዋለሁ። አጠገባችን ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር አሉ፤ ሰፈሩ ሁሉ ጋሼ ነው የሚላቸው። ከአጥሩ ወዲያ ደግሞ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ልጅ ያለቻቸው ጎረቤታችን አሉ። እነዚህን ሰዎች ቅዳሜ ማታ ቡና እየጠጣን አንድ ክፍል እንድናይ ጠየቅኳቸው። እማማ «የፈረንጅ ተረት ለእኔ ምን ያደርግልኛል፣ ልጄ?» ብለው ነበር፤ ቡናው በሳቸው ቤት ይፈላ ስል ግን ተስማሙ።

እዚህ ላይ ቆም ብዬ ስለ አመራረጥ ልናገር። አዲስ ሰው ከመጀመሪያው ምዕራፍ አይጀምር። የመጀመሪያው ምዕራፍ ደካማ ነው፤ ይህን የምለው ስለምወደው ነው። ገጸ ባሕርያቱ ገና አልጠነከሩም፤ አንዳንዱ ታሪክ ከቀድሞው ተከታታይ የተረፈ ይመስላል። ሁለተኛው ምዕራፍም በ1988ቱ የጸሐፊዎች የሥራ ማቆም አድማ ምክንያት አጥሮ 22 ክፍል ብቻ ሆኗል። ማይክል ፒለር የጽሑፍ ክፍሉን መምራት ከጀመረበት ከሦስተኛው ምዕራፍ ወዲህ ነው ሥራው ቀጥ ብሎ የቆመው። ይሁን እንጂ ከሁለተኛው ምዕራፍ አንድ ዕንቁ አለ፤ ዘጠነኛው ክፍል፣ «ዘ ሜዠር ኦቭ ኤ ማን»። ጎረቤቶቼን የጀመርኳቸው በዚያ ነው።

ማስተርጎሙ የራሱ ዘዴ ጠየቀ። አርብ ማታ ክፍሉን ብቻዬን አይና ዋና ዋናውን ንግግር በአማርኛ እጽፋለሁ። እነዚህ ክፍሎች የተሠሩት ለማስታወቂያ እረፍት እንዲመቹ ሆነው ነው፤ ከአጭር መግቢያ በኋላ አምስት ገቢር አላቸው፤ በየገቢሩ መጨረሻ ማያው ይጨልማል። የማቆመው እዚያ ላይ ነው። ያየነውን በአጭሩ እነግራቸዋለሁ፤ ተማሪዋ ደግሞ እናቷ የሚመርጡት አፋን ኦሮሞ ስለሆነ ቀጥላ ትነግራቸዋለች። በመካከል ግን አላቋርጥም። የሰው ፊት የሚናገረውን ፊቱ እንዲናገር መተው ያስፈልጋል፤ የፒካርድን ዝምታ እማማ ከእኔ ትርጉም ቀድመው ይረዱታል።

የሞተሩንና የጨረራውን ቋንቋ ደግሞ አልተረጉምም። ከተከታታዩ ጸሐፊዎች አንዱ የነበረው ሮናልድ ሙር እንደተናገረው፣ እነሱ ራሳቸው በረቂቁ ላይ እንዲህ ያለው ቦታ ሲደርሱ «ቴክ» ብለው ክፍት ይተዉትና የሳይንስ አማካሪዎች በኋላ ቃሉን ይሞሉት ነበር። ስለዚህ «ሞተሩ ተበላሽቷል፣ ጊዜ የላቸውም» ማለት ይበቃል። ተመልካቹ የሚፈልገው ማን ለማን ሲል ምን እንደሚያደርግ ነው።

መብራትና ዝናብ የየራሳቸው መፍትሔ አላቸው። ክፍሉን በቴሌቪዥኑ ፍላሽም በላፕቶፑም አስቀምጣለሁ። የላፕቶፔ ባትሪ አሮጌ ቢሆንም ለአንድ ክፍል ይበቃል፤ መብራት ሲጠፋ ካቆምንበት ደቂቃ እንቀጥላለን። የጅማ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ግን ድምፅ ማጉያም አይረዳም። በክረምት ሰዓቱን ወደ እሑድ ረፋድ እናዛውረዋለን። በረመዳን ደግሞ ከአፍጥር በኋላ እናያለን።

ቡናው ሥርዓቱን ያዘልን። ማየቱ በአቦልና በቶና ያልቃል፤ በረካው ለክርክር ይቀራል። አንድ ማታ አንድ ክፍል ብቻ፤ ይህን ደንብ ያወጡት እማማ ናቸው፣ እኔም አጥብቄ ይዤዋለሁ። ሦስትና አራት ክፍል አከታትሎ ያየ ሰው በማግስቱ የሚያስታውሰው ብዙ አይደለም። ይህ ተከታታይ ሲሠራ በሳምንት አንድ ጊዜ እንዲታይ ነው የተሠራው፤ ሳምንቱ ሙሉ ጥያቄውን ይዞ መዞር የተመልካቹ ድርሻ ነው።

ያ የመጀመሪያው ክፍል ያስነሣውን ክርክር መቼም አልረሳውም። ዳታ ሰው መሰል ማሽን ነው፤ በመርከቧ ላይ በመኮንንነት ያገለግላል። አንድ ሳይንቲስት ፈታትቶ ሊያጠናው ይፈልጋል። ዳታ እምቢ ሲል ጉዳዩ ችሎት ይቀርባል፤ ንብረት ነው ወይስ ስለ ራሱ የመወሰን መብት አለው? የሕግ ባለሙያ ስለሌለ ወዳጁ ራይከር በግድ ተቃራኒውን ወገን እንዲይዝ ይታዘዛል። ይህን ጽሑፍ የጻፈችው ሜሊንዳ ስኖድግራስ ቀድሞ ጠበቃ ነበረች፤ የችሎቱ ጥራት ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

ገቢሩ አልቆ ማያው ሲጨልም ጋሼ ተቆጡ። ለብዙ ዘመን በሽምግልና የተቀመጡ ሰው ናቸው። «ይህ ዳኝነት ሳይጀመር ፈርሷል» አሉ። «ወዳጅን በወዳጅ ላይ አቁሞ እውነት አይገኝም። ሽማግሌ የሚመረጠው ከሁለቱም ወገን የራቀ ሲሆን ነው።» እማማ በበኩላቸው «አይበላም፣ አይጠጣም፣ አይወልድም፤ ታዲያ ከምን ይቆጠራል?» ብለው ጠየቁ። ተማሪዋ ዝቅ ባለ ድምፅ «ድሮ ባሪያስ ከምን ይቆጠር ነበር፣ እማማ?» አለች።

ቤቱ ጸጥ አለ። ከዚያ ጋሼ ስለ ሒርማታ ገበያ አወሩን። ዛሬ ቡናና ማር የምንሸምትበት ሠፈር በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደቡብ ምዕራቡ ንግድ መገናኛ ነበር፤ ከሌላው ሸቀጥ ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ጂሬን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚጎበኝ ሰው ይህንንም አብሮ ማወቅ አለበት አሉን። ማጫወቻውን መልሼ ስከፍት፣ በውፒ ጎልድበርግ የምትጫወተው ጋይናን ለፒካርድ የምትነግረው ስለዚሁ ነበር፤ ከባድ ሥራ እንዲሠሩ ስለሚፈጠሩ፣ ስለ ስሜታቸው ማንም ስለማይጨነቅላቸው ፍጡራን። ተማሪዋ የጸሐፊዋን ሐሳብ ቀድማ አግኝታዋለች። እኔ ክፍሉን ብዙ ጊዜ ያየሁ ሰው፣ ሒርማታን ከዳታ ጋር አገናኝቼ አላውቅም ነበር።

ከዚያ ወዲህ አስተያየቴን አስቀድሜ አልናገርም። አድናቂ የሆነ ሰው የሚወደውን ትዕይንት ሲደርስ «ይኸው፣ ይኸው» ማለት ያምረዋል፤ እንዲህ ሲያደርግ ግን ሌላው ሰው የራሱን ነገር የሚያገኝበትን ቦታ ይዘጋበታል። ጋሼ ከሁሉም የወደዱት ጆርዲ ላ ፎርጅን ነው፤ ዐይነ ስውር ሆኖ የመርከቧ ዋና መሐንዲስ የሆነውን። ተዋናዩን ሌቫር በርተንን ገና ሲያዩት «ኩንታ ኪንቴ!» ብለው ተነሡ፤ በ1977ቱ የባርነት ታሪክ ተከታታይ «ሩትስ» ላይ ወጣቱን ኩንታ ኪንቴን የተጫወተው እሱ ነውና። የባሪያውን ልጅነት የተጫወተ ሰው የከዋክብት መርከብ ሞተር ሲመራ ማየታቸው ምን እንዳደረገላቸው እሳቸው ይናገሩት፤ እኔ ግን የደስታቸውን መጠን አይቻለሁ።

የእማማ ክፍል «ዚ ኢነር ላይት» ነው፤ በ1992 የታየ፣ በቀጣዩ ዓመት ሁጎ የተባለውን የሳይንስ ልብ ወለድ ሽልማት ያገኘ። ፒካርድ ራሱን ስቶ ሲወድቅ በማያውቀው ፕላኔት ላይ ሌላ ሰው ሆኖ ይነቃል። ሚስት አለችው፤ ልጆች ያሳድጋል፣ ዋሽንት ይለምዳል፣ ያረጃል። ምድሪቱ በድርቅ እየነደደች ነው፤ ፀሐይዋ ልትፈነዳ ነው። ሲነቃ በመርከቡ ላይ ያለፈው ጊዜ ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ያ ሕዝብ ከጠፋ አንድ ሺህ ዓመት ገደማ ሆኖታል፤ የቀረው የላኩት መሣሪያና በውስጡ ያለችው ዋሽንት ናቸው። እማማ «ድርቅ መምጣቱን አውቀው ስለ ራሳቸው የሚናገር ሰው ፈለጉ» አሉና ቀጣዩን ሳምንት ሙሉ የእናታቸውን ዘመን ታሪክ ለተማሪዋ ነገሯት። ተማሪዋም ጻፈችው።

የሥራ ባልደረቦቼ አሁንም ይህን የልጆች ነገር ነው ይሉታል። አልጣላቸውም፤ አንድ ታሪክ እነግራቸዋለሁ። በመጀመሪያው ተከታታይ ኡሁራ የተባለችውን ጥቁር ሴት መኮንን የተጫወተችው ኒሸል ኒኮልስ ሥራዋን ልትለቅ ስትል ማርቲን ሉተር ኪንግ እንድትቀጥል እንደለመኗት ደጋግማ ተናግራለች። በ1977 ደግሞ ናሳ ሴቶችንና ጥቁሮችን ለጠፈር በረራ እንዲመለምል አግዛለች። ኡሁራን በልጅነቷ እያየች ያደገችው ዶክተር ሜይ ጄሚሰን በ1992 ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ሆነች፤ በቀጣዩ ዓመት በዚሁ በእኔ ተከታታይ አንድ ክፍል ላይ በአጭሩ ተጫውታለች። የእኛም አገር የመጀመሪያዋ ሳተላይት በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና ስትመጥቅ ግቢያችን ሙሉ ስለሷ ያወራ የነበረው ጉዳዩን የራሱ አድርጎት ነው፤ ጋሼ የምትሰበስበው የምድር ምስል ለእርሻና ለውኃ ምን እንደሚጠቅም ለጎረቤት ሁሉ ያስረዱ ነበር።

ሮናልድ ሙርም በመጀመሪያ አድናቂ ነበር። በ1989 የታየው የመጀመሪያ ጽሑፉ ማንም ሳያዝዘው ጽፎ የላከው ነው፤ ያን ጊዜ ተከታታዩ ከውጭ የሚመጣ ጽሑፍ ይቀበል ነበር። ይህን ለተማሪዋ ነገርኳት። ከወራት በኋላ አንድ ታሪክ ጽፋ መጣች፤ ከጠፈር የወደቀ መሣሪያ ጅማ አጠገብ ባለው ቦዬ ረግረግ ውስጥ ይገኛል፣ ጉማሬዎቹ ማንንም አያስቀርቡም፣ የቀበሌው ሰዎች ማን ያናግረው ብለው ይከራከራሉ። በበረካው ሰዓት አነበበችልን። መጨረሻውን ሁለት ጊዜ አስቀየርናት፤ ጋሼ ሽማግሌዎቹ ቶሎ ተስማሙ ብለው አልተቀበሉትም።

አሁን ከ1993 እስከ 1999 የታየውን «ዲፕ ስፔስ ናይን» ጀምረናል። 176 ክፍል ነው፤ አዛዡ ሲስኮ ሚስቱ የሞተችበት፣ ልጁን ብቻውን የሚያሳድግ ጥቁር አባት ነው፤ የተማሪዋ እናት ከሁሉም አስበልጠው ወደውታል። ይህኛው በተለይ ወደ መጨረሻው ታሪኩ ከክፍል ክፍል ስለሚያያዝ እንደ ቀድሞው መርጦ መዝለል አይቻልም። ስለዚህ ደብተሩ ላይ «ባለፈው ምን ሆነ» የሚል ዓምድ ጨምረናል፤ አንድ ቅዳሜ የቀረ ሰው አቦል ሲቀዳ ያነቡለታል። ዓምዱን የምትሞላው ተማሪዋ ናት።